ወፍ ለማባረር ተቀጥሬ

በአሰበ ተፈሪው የችግኝ ጣቢያ የተቀጠርኩት ወፍ ለማባረር ነው። መዝገቡ ላይ «የዘር ዛፍ ጠባቂ» ተብዬ ተጽፌአለሁ፤ የከተማው ሰው ግን «ወፍ አባራሪው ደምሴ» ይለኝ ነበር። ስሙ አላስከፋኝም፤ እውነት ነበርና።

ዘመኑ የሃምሳዎቹ መጀመሪያ፣ ወሩ ኅዳር ነበር። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ አንድ የቆዳ ወንጭፍ፣ አንድ ባዶ የናፍጣ ቆርቆሮ፣ ቆርቆሮውን የምመታበት ዱላና ለድንጋይ መያዣ የሚሆን ከረጢት አስፈርሞ ሰጠኝ። ወንጭፉ ቢበጠስ በጽሑፍ እንዳሳውቅም አስጠነቀቀኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ወንጭፍ ይዣለሁ፤ ፈርሜ የተረከብኩት ግን ያን ቀን ብቻ ነው።

የጣቢያው ሹም አቶ በቀለ ራሳቸው ወደ ኮረብታው ይዘውኝ ወጡ። ቀጠን ያሉ፣ ከእርሻ ትምህርት ቤት የተመረቁ፣ ከካኪ ኮታቸው ኪስ ማስታወሻ ደብተርና የተቀረጸ እርሳስ የማይጠፋ ሰው ነበሩ። ኮረብታው ላይ ግንዳቸው በነጭ ኖራ ዙሪያውን የተቀባ ሰባት ትልልቅ የወይራ ዛፎች ቆመዋል። ፍሬያቸው መጥቆር ጀምሯል።

«እነዚህ እናት ዛፎቻችን ናቸው» አሉኝ። «የምንዘራው ዘር ከእነዚህ ነው የሚለቀመው። ወፍ አንድ ፍሬ ዋጠ ማለት አንድ ዛፍ ዋጠ ማለት ነው። ገባህ?»

«ገብቶኛል፣ ጌታዬ።»

«ምን ገባህ?»

«ወፍ እንዳይበላ።»

«በቃ። እሷን ከያዝክ ለሌላው አትጨነቅ።»

ጣቢያው የተቋቋመው ከከተማው በላይ ያለውን ራቁት ተራራ መልሶ ለማልበስ ነበር። ተራራው በአባቶቻችን ዘመን ጽድና ወይራ ነበረበት ይባላል። ከተመነጠረ ወዲህ ከሥሩ የሚፈልቀው ምንጭ በበጋ እየከዳ ሰውና ከብት ይቸገር ነበር። ስለዚህ ወይራ ማፍላት ትልቁ ሥራችን ነበር።

በሁለት ዛፎች መሐል በአራት እንጨት የቆመ ማማ ሠሩልኝ። ከንጋት እስከ ማታ እዚያ ላይ ነኝ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ወፎቹን በየሰዓታቸው ለየኋቸው። ገና ጎህ ሲቀድ የሚመጡት የክንፋቸው ጫፍ እንደ ዝገት የቀላ፣ ሲጠሩ የሚያፏጩ የሚመስሉ ጥቋቁር ወፎች ናቸው። በመንጋ ይወርዳሉ፣ በመንጋ ይነሳሉ። ፀሐይ ሞቅ ሲል ዋኔዎች ይደርሳሉ፤ ከባዶች ናቸው፣ ሲያርፉ ቅርንጫፉ ይጎብጣል። ረፋድ ላይ ሶሪት ትመጣለች።

ሶሪትን ለማያውቃት ልንገረው። አረንጓዴ ናት፤ ቅጠል መሐል ከተቀመጠች አትታይም። ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ በእግሯ ትሮጣለች። ስትነሳ ግን ክንፏ ውስጥ የደበቀችው ቀይ በአንድ ጊዜ ይገለጣል። መጀመሪያ ያየኋት ዕለት ወንጭፌን እያዞርኩ ድንጋዩን መልቀቅ ረሳሁ።

ያም ሆኖ ሥራዬን ሠርቻለሁ። ቆርቆሮ እመታለሁ፣ እጮኻለሁ፣ እወነጭፋለሁ። ከአንዱ ዛፍ ሳባርራቸው ወደ ሌላው ይዛወራሉ። ወደ ሌላው ስሄድ ወደ መጀመሪያው ይመለሳሉ። ማታ ድምፄ ተዘግቶ ወደ ጣቢያው ስወርድ አቶ በቀለ ደብተራቸውን ከፍተው «ዛሬ እንዴት ነበር?» ይሉኛል። «ጥቂት በልተዋል» እላለሁ። «ጥቂት» ብለው ይጽፋሉ።

ፍሬው በደንብ ሲበስል መሰላልና ገመድ ይዘን ወጥተን ለቀምነው። ከነሥጋው በሰፌድ አሰጥተን አደረቅነው፣ በየካቲት በመደብ ላይ ዘራነው። እኔም ከማማ ወርጄ ከውሃ አጠጪዎቹ ጋር ተደባለቅሁ።

ጎን ለጎን የባሕር ዛፍ መደብ ነበር። ባሕር ዛፉ እንደ ጤፍ ተግተልትሎ በቀለ። የወይራው መደብ ግን ዝም አለ። ሚያዝያ ዝም። ግንቦት ዝም። ሰኔ ላይ ከስድስት መደብ የወጣው ወይራ በአንድ እጅ ጣት ይቆጠር ነበር። ያለፈው ዓመትም እንዲሁ እንደነበር የነገሩኝ ያኔ ነው።

ጣቢያው ውስጥ አረም የሚያርሙ አምስት ሴቶች ነበሩ። አለቃቸው አዴ ፋጡማ ይባላሉ፤ ከከተማው ወጣ ብሎ በሂርና መንገድ ላይ ካለ መንደር በየቀኑ በእግራቸው የሚመጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ረጅም ሴት ናቸው። የአፍ መፍቻቸው ኦሮምኛ ነው፤ «አዴ» እመት እንደማለት ነው። በአማርኛ ሲናገሩ ሹሙንም ዘበኛውንም «አንተ» ነው የሚሉት፤ ማንም አይቀየማቸውም። ሴቶቹ ባዶውን መደብ እያረሙ «የሹሙ ስም በቀለ፣ ወይራው አልበቀለ» እያሉ ይሳሳቁ ነበር። አንድ ቀን አቶ በቀለ ከኋላቸው ቆመው ሰሙ። ቀስ ብለው ወደ ቢሯቸው ገቡ። ያን ጊዜ አዘንኩላቸው።

በሚቀጥለው መስከረም ሐረር ካለው የበላይ መሥሪያ ቤታችን ደብዳቤ መጣ። አቶ በቀለ ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስበው አነበቡልን። ወይራው በሚመጣው የዘር ወቅትም ካልበቀለ ስድስቱ መደቦች ወደ ባሕር ዛፍ እንዲዛወሩ፣ ለወይራው የተያዙት ሠራተኞች እንዲሰናበቱ የሚል ነበር። ባሕር ዛፍ ጠባቂ አያስፈልገውም፤ ብዙ አራሚም አይፈልግም። ስለዚህ የሚሰናበቱት እኔና አምስቱ ሴቶች ነን ማለት ነው።

አቶ በቀለ ሌሊቱን ሲያስቡበት ያደሩ ይመስለኛል፤ በማግሥቱ ቢሮ ጠሩኝ።

«ችግሩ ገብቶኛል» አሉ። «ወፎቹ ምርጡን፣ የበሰለውን እየበሉ ለእኛ ግርዱን ነው የሚተዉልን። ወንጭፍ አልበቃም። መተኮስ ትችላለህ?»

አባቴ ነጭ ለባሽ ነበሩ። «እችላለሁ» አልኩ።

በኅዳር ከአንድ የአካባቢው ባላባት ለቆቅ የሚያገለግል ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ተዋሱልኝ። ትእዛዙ ሁለት ነበር፤ ወፎቹን እንድገድልና የገደልኳቸውን አምጥቼ ሆዳቸው ውስጥ ስንት ፍሬ እንዳለ እንድንቆጥር። ቁጥሩ ከሪፖርቱ ጋር ወደ ሐረር ይላካል፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይታወቃል።

በሦስት ቀን አሥራ አንድ ወፍ ገደልኩ። ሰባቱ ቀይ ክንፍ የምላቸው የጎህ ጥቋቁር ወፎች፣ ሁለቱ ዋኔዎች፣ ሁለቱ ሶሪቶች ነበሩ። የመጀመሪያዋን ሶሪት ካነሳኋት በኋላ ክንፏን ዘርግቼ አየሁት። ቀዩ ያው ነው፤ ግን ስትበር እንደማየት አይደለም። ክንፏን መልሼ አጥፌ ከረጢቱ ውስጥ አስገባኋት።

ወፎቹን በግምጃ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ደርድረን አቶ በቀለ በምላጭ ከፈቷቸው። እኔ እቆጥራለሁ፣ እሳቸው ይጽፋሉ። የዋኔዎቹ ሆድ ጠጠርና የተሰባበረ ነገር ነበረበት። የሶሪቶቹና የቀይ ክንፎቹ ሆድ ግን የወይራ ዘር ሞልቶታል። ዘሩ አልተሰበረም፣ አልተቧጨረም። ሥጋው ብቻ ተገፎ፣ ጠጣሩ ዘር የታጠበ ያህል ንጹሕ ሆኖ ወጣ።

«ይኸው ሌቦቹ» አሉ አቶ በቀለ። ግን እርሳሳቸውን አስቀምጠው አንዷን ዘር በብርሃን አገላብጠው ሲያዩአት ተመልክቻለሁ።

አዴ ፋጡማ ውሃ ለመጠየቅ መጥተው በር ላይ ቆመው ነበር። ጠረጴዛውን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ደምሴ፣ ይሄን አንተ ገደልክ?»

«ታዝዤ ነው፣ አዴ ፋጡማ።»

«ዘሪውን ገድለህ ዘሩ ይበቅላል? ወላሂ፣ የመንግሥት ሥራ አይገባኝም» ብለው ሄዱ።

ነገሩ ከነከነኝ። ማታ ሥራ ሲወጡ ተከትያቸው «ምን ማለትዎ ነው?» አልኳቸው። «አፌ አይችልም። አርብ ና፣ ዓይንህ ይይ» አሉኝ።

አርብ ከሰዓት በኋላ በሂርና መንገድ ወደ ቤታቸው ሄድኩ። ጓሯቸው ላይ አንድ ያረጀ ሾላ አለ፤ እነሱ ኦዳ ይሉታል። ፍሬው ከግንዱ ላይ ሳይቀር ተንጠልጥሎ፣ ዛፉ በወፍ ይንጫጫል። ሶሪቶች፣ ቀይ ክንፎች፣ ስማቸውን የማላውቃቸው ደቃቅ ወፎች። አዴ ፋጡማ ግን ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ታች አሳዩኝ።

ከሾላው ጥላ ሥር፣ መሬቱ ከኩስ ብዛት ነጭ በሆነበት ቦታ፣ የወይራ ችግኝ ተጠቅጥቆ በቅሏል። ስንዝር የሚሆኑ አሉ፣ ክንድ የሚሆኑ አሉ። ተንበርክኬ ቅጠሉን በጣቴ ዳሰስኩት። ዘወር ብዬ አካባቢውን አየሁ፤ የወይራ ዛፍ በዓይን በሚታይ ርቀት የለም።

«ማን ነው የተከለው?» አልኩ።

«ሲምቢራ» አሉ። ወፍ ማለታቸው ነው፤ ወይራን ደግሞ ኤጀርሳ ይሉታል። «ኤጀርሳውን እዚያ ይበላል፣ ለኦዳው ፍሬ እዚህ ይመጣል፣ ተቀምጦ ያወርደዋል። እኔ በክረምት እነቅለዋለሁ፣ አጥር ላይ እተክለዋለሁ። እናቴም እንዲህ ነበር።» አጥራቸውን አየሁት። ዙሪያው ሁሉ ወይራ ነበር።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ባዶ መደብ ሲያርሙ ለምን ዝም አሉ?»

«ማን ጠየቀኝ?» አሉ።

ጉልበቴን አራግፌ ተነሳሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ለአቶ በቀለ ያየሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። መጀመሪያ ሳቁ። ቀጥለው ተቆጡ።

«የመንግሥት ጣቢያ የወፍ ኩስ ሊዘራ ነው? ይህን ለሐረር ልጻፈው?»

«አይጻፉት፣ ጌታዬ። አንድ መደብ ብቻ ይስጡኝ።»

«ዛፎቹንስ ማን ይጠብቃል?»

እዚህ ላይ መዋሸት እችል ነበር። አልዋሸሁም። «ከትናንት ጀምሮ አላባረርኩም» አልኩ። «እንዲበሉ ትቻቸዋለሁ።»

ፊታቸው ተለወጠ። ተነስተው መስኮቱ ጋ ሄደው ቆሙ። ከዚያ ዘወር ሳይሉ «ወንጭፉንና ቆርቆሮውን አስረክብ» አሉኝ። ፈርሜ የወሰድኩትን ፈርሜ መለስኩ። ጠመንጃውም ለባለቤቱ ተመለሰ። የተባረርኩ መስሎኝ ባዶ እጄን ስወጣ ከኋላዬ ጠሩኝ።

«ደምሴ! ስድስተኛውን መደብ ያዝ። እስከ ክረምት። መዝገብ ላይ አላገባውም፤ ካልበቀለ አንተም አትገባም።»

እስከ ጥር መጨረሻ ድረስ እኔና አምስቱ ሴቶች በትርፍ ሰዓታችን ከሾላው ሥርና ወፎች ከሚያርፉባቸው ዛፎች ሥር ዘር ለቀምን። ሥራው እንዲህ ነው፤ ቅጠሉን በእጅ ትጠርጋለህ፣ የደረቀውን ኩስ በወንፊት ታበጥራለህ፣ የቀረውን በውሃ ትዘፈዝፋለህ። የሚንሳፈፈው ባዶ ነው፣ ይጣላል። የሚዘቅጠው ዘር ነው። የከተማው ሰው በአጠገባችን ሲያልፍ «ደምሴ ደግሞ ዛሬ ኩስ ለቃሚ ሆነ» ይላል። አዴ ፋጡማ ቀና ብለው «ና፣ ላንተም ቦታ አለ» ይሉታል።

በየካቲት ስድስተኛውን መደብ ዘራን። አምስቱ መደቦች በድሮው ዘዴ በነሥጋው ፍሬ ተዘሩ። ጠዋትና ማታ እኩል አጠጣናቸው።

መጋቢት አለቀ፣ ምንም የለም። ሚያዝያ ተጋመሰ፣ ምንም የለም። ከሴቶቹ አንዷ ሂርና ገበያ ውስጥ ሥራ ማፈላለግ ጀመረች። እኔም በሚኤሶ የባቡር ጣቢያ ጫኝና አውራጅ ይፈለጋል ሲባል ሰምቼ ለመሄድ አስቤ ነበር። አዴ ፋጡማ ብቻ በየጠዋቱ መደቡ ላይ ጎንበስ ብለው ያያሉ፣ ዝም ብለው ወደ አረማቸው ይሄዳሉ። «አይታክትዎትም?» ብላቸው «ኦዳ ሥርም ቶሎ አይወጣም። እሱ ጊዜ አለው፣ አንተ የለህም» አሉኝ።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት፣ ማጠጫ ቆርቆሮዬን ተሸክሜ ስደርስ የስድስተኛው መደብ አፈር ተሰነጣጥቆ አገኘሁት። ድርቀት መሰለኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ከየስንጥቁ ውስጥ እንደ መርፌ ዓይን የታጠፈ ነጭ አንገት ይታያል። አንድ ብቻ አይደለም። ከዳር እስከ ዳር ነው። ቆርቆሮውን መሬት ላይ አስቀምጬ ወደ ቢሮው ሮጥኩ፤ በሩን ሳላንኳኳ ገባሁ።

አቶ በቀለ ኮታቸውን ሳያወልቁ አፈሩ ላይ ተንበረከኩ። ከዚያ ተነስተው ወደ አምስተኛው መደብ ሄዱና በጣታቸው ቆፈሩ። የዘራነው ፍሬ ሥጋው ሻግቶ፣ ጉንዳን ወሮት፣ እንደ ቆዳ ዘሩ ላይ ተጣብቆ ወጣ። በምላጭ ሰነጠቁት፤ ውስጡ በስብሷል። አራተኛውን ቆፈሩ፤ ያው ነው።

«ሥጋው ነው» አሉ። «ደምሴ፣ ሥጋው ነው የገደለው! ወፏ ገፍፋ፣ አጥባ ነው የምትዘራው። እኛ ከነልብሱ ቀበርነው።»

ምክንያቱን ያገኙት እሳቸው ናቸው፤ ይህን መካድ አልፈልግም። እኛ ያየነውን ነው የነገርናቸው፣ ለምን እንደሆነ ያወቁት ግን እሳቸው ናቸው። በዚያው ቀን በግምጃ ቤት የቀረውን የወይራ ፍሬ ሁሉ አስወጥተው በውሃ አስነከሩት። ሴቶቹ በሸካራ አሸዋ አሽተው ሥጋውን ገፈፉት፣ አጥበው እንደገና ዘሩት። የወፏን ሥራ በእጃችን ሠራን ማለት ነው። ያም ዘግይቶ፣ ሳሳ ብሎ ቢሆንም በቀለ።

ሴቶቹ ያን ሰሞን ግጥማቸውን ለወጡት። «አቶ በቀለ በቀለ!» እያሉ ያጨበጭቡ ነበር። አቶ በቀለም በዚህኛው አብረው ሳቁ።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ተቆጣጣሪው ከሐረር በላንድሮቨር መጡ። ቦርጫቸው የገፋ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው የሚሄዱ ሰው ናቸው። ስድስተኛው መደብ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይሄ ወይራ ነው?»

«አዎ፣ ጌታዬ» አሉ አቶ በቀለ።

«አምና ባዶ ነበር ብላችሁ ጽፋችኋል። ምን አደረጋችሁ?»

አቶ በቀለ ሳል ሳል አሉ። አዲስ ዘዴ ፈጠርኩ ቢሉ ማንም አያስተባብላቸውም ነበር። እሳቸው ግን እጃቸውን ወደ አዴ ፋጡማ ዘረጉ። «ሴትዮዋ ይንገሩዎት። ከእሳቸው ነው የተማርነው።»

አዴ ፋጡማ ከአረማቸው ቀና አሉ፤ መኮትኮቻቸውን አልጣሉም።

«ወፍ ሥጋውን ይበላል፣ አጥንቱን ይጥላል» አሉ። «ይሄ ሹም ደግሞ ሥጋውንም አጥንቱንም ቀበረ። ሥጋ ሲቀበር ይሸታል እንጂ ይበቅላል?»

ተቆጣጣሪው ባርኔጣቸውን አውልቀው ሳቁ። የሳቁት በእኛ ላይ ይሁን ከእኛ ጋር ለጊዜው አልታወቀኝም። ሳቃቸውን ሲጨርሱ ግን አቶ በቀለን እርሳስ ለምነው እያንዳንዱን ነገር ጻፉ፤ ስንት ቀን እንደፈጀ፣ በምን እንደታሸ፣ በምን እንደታጠበ። የትኛዋ ወፍ እንደሆነች ሲጠይቁ ሁላችንም በአንድ ጊዜ «ሶሪትና ቀይ ክንፍ» አልን።

ሙሉ በሙሉ አልረታንም። ስድስት ከነበሩት መደቦች ሦስቱ ለባሕር ዛፍ ተሰጡ። ሦስቱ ግን ለወይራና ለጽድ ቀሩ፣ ከሠራተኛም አንድ ሰው አልተሰናበተም። እኔ ከቀን ሠራተኛነት ወደ ዘር ሰብሳቢነት አደግሁ። አዴ ፋጡማ ደግሞ የአረም ክፍሉ ፎርማን ተባሉ። ወረቀቱ ሲነበብላቸው «ፎርማን ምንድነው?» ብለው ጠየቁ። «አለቃ ማለት ነው» ስንላቸው «እሱማ ድሮም ነበርኩ» አሉ።

ዘር ሰብሳቢ ከሆንኩ በኋላ አገሩን ዞርኩ። ወደ ቦኬ ለዋንዛ ዘር ወረድኩ። ወደ አሰቦት ተራራ ወጥቼ ከገዳሙ ደን ሥር የጽድ ዘር እንድለቅም ፈቃድ ጠየቅሁ። አንድ ሽማግሌ መነኩሴ አብረውኝ ሲለቅሙ ዋሉ፤ ወፎቹ ማለዳ ከየት መጥተው የት እንደሚያርፉ ከእኔ ይበልጥ ያውቁ ነበር። «ከኪዳን በኋላ ሌላ የሚታይ ነገር የለንም» አሉኝ እየሳቁ። ያን ቀን ያመጣሁት ዘር በሥራ ዘመኔ ካመጣሁት ሁሉ ንጹሑ ነበር።

ስህተትም ሠርቻለሁ። አንድ ጊዜ ከዝግባ ዛፎች መሐል ደቃቅ አረንጓዴ በቀቀኖች የሚያድሩበት ዛፍ አገኘሁ፤ ሥሩ በወይራ ዘር ተነጥፏል። ሁለት ከረጢት ሙሉ አፍሼ በአህያ ጭኜ በኩራት ገባሁ። አዴ ፋጡማ እፍኝ ዘግነው አዩና በሁለት ጣታቸው ጨምቀው አሳዩኝ፤ ሁሉም ተሰንጥቆ ውስጡ ተበልቷል። «ይሄ ወፍ ዘሪ አይደለም፣ ወፍጮ ነው» አሉ። ዋኔም እንዲሁ አብዛኛውን በሆዷ ጠጠር እንደምትፈጨው የገባኝ ያኔ ነው። በጠረጴዛችን ላይ ከፍተን ያየነውን አላስተዋልኩትም ነበር። ከዚያ በኋላ የማንኛዋም ወፍ ዘር ቢሆን ጨምቄ ሳላይ አልጭንም።

አቶ በቀለ ከጥቂት ዓመት በኋላ ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወሩ። የስንብቱ ዕለት ከሠራተኛው ሁሉ ጋር ተጨባበጡና ለአዴ ፋጡማ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ። ለእኔ ማስታወሻ ደብተራቸውን ሰጡኝ። ስድስተኛው መደብ መዝገብ ላይ ባይገባም በዚያች ደብተር ውስጥ ቀን በቀን ተጽፏል። «ዛሬም የለም። ዛሬም የለም። ዛሬም የለም» ይላል፤ ከዚያ አንድ ገጽ ሙሉ ባዶ አለ። ያን ቀን መጻፍ ረስተዋል።

ችግኞቻችን ተራራው ላይ በየክረምቱ ተተከሉ። ከፊሉ ጸደቀ፣ ከፊሉን ፍየል በላው፣ ሌላው በድርቅ ሄደ። አጥር ተሠራ፣ ዘበኛ ቆመ፣ እንደገና ተተከለ። ይህ የማንኛውም ጣቢያ ታሪክ ነው። ያልጠበቅነው ነገር ግን በአጥሩ ውስጥ ቆመው የቀሩ ደረቅ ግንዶች ነበሩ። ወፎች እያረፉባቸው በየግንዱ ሥር ማንም ያልተከለው ወይራ ወጣ። አዴ ፋጡማ ይህን አይተው ራቁት በሆነው በኩል ሁሉ የደረቀ ቅርንጫፍ ያለው ረጅም እንጨት እንድንተክል አደረጉ። ሕዝቡ «እንጨት ተክለው ይበቅላል ብለው ይጠብቃሉ» ብሎ ሳቀብን። አምስት ክረምት ካለፈ በኋላ ግን በየእንጨቱ ሥር ወይራ፣ ጽድና ቁጥቋጦ ተሰባስቦ ነበር። ምንጩ በበጋ እስከ መጋቢት መቆየት ጀመረ። ወደ ድሮው ተመልሷል አልልም፤ ውሃ ቀጂዎቹ ሴቶች ግን ሩቅ መሄድ ትተዋል።

በስድሳዎቹ መግቢያ እኔ ራሴ የጣቢያው ሹም ሆንኩ። በዚያው ዓመት በተራራው ላይ ያለው ዛፍ ተቆጥሮ እንዲላክ የታተመ ፎርም መጣ። አንዱ ዓምድ «የዛፉ ዓይነት»፣ አንዱ «ብዛት»፣ አንዱ «የተካዩ ስም» ይላል። አዴ ፋጡማና እኔ ሦስት ቀን ቆጠርን። ጣቢያው በተከለው ረድፍ ላይ የጣቢያውን ስም ጻፍኩ። ከረድፍ ውጪ በየግንዱና በየእንጨቱ ሥር በበቀለው ላይ «ወፍ» ብዬ ጻፍኩ።

ፎርሙ ተመለሰ። ከጎኑ በቀይ ቀለም «ስሕተት፣ ይታረም» ተብሎበታል። አዴ ፋጡማን ጠርቼ አሳየኋቸው። ማንበብ አይችሉምና ምን እንደሚል ነገርኳቸው።

«ውሸት ጻፍክ እንዴ?» አሉኝ።

«አልጻፍኩም።»

«እንግዲያ ምኑን ታርማለህ?»

እንዳለ መልሼ ላክሁት። ዳግመኛ አልተመለሰም።

በዚህ ሥራ ላይ ላላችሁ የምለው አንድ ነገር ነው። ፍሬ የሚበላ ሁሉ ዘር አያጠፋም። የሚያጠፋውን ከሚተክለው መለየት የዘር ሠራተኛ የመጀመሪያ ሥራው ነው፤ ለዚህም ዛፉ ሥር ቁጭ ብሎ ማየት፣ አጠገቡ የሚኖረውንም ሰው መጠየቅ ይበቃል።